«ከስር አዲስ ናት» የተባለችው ላንድ ሮቨር

አሮጌ ላንድ ሮቨር ገዝታችሁ እቤት ለማደስ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እኔ እንዴት እንደተበላሁ አንብባችሁ ግዙ። በተለይ ሻጩ «ሻንሲው ታድሷል፣ የቀረው ቀለምና ወንበር ብቻ ነው» የሚላችሁ ከሆነ። እኔም የተባልኩት ይህንኑ ነው። (ሻንሲ ማለት ቦዲውም ሞተሩም የሚያርፍበት የስር ብረት ነው።)

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ ናት፣ አጭሯ። መሬት ላይ ተኝቼ ከስር አየኋት። ከጫፍ ጫፍ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ትናንት የተቀባች የምትመስል። ደስ አለኝ። መደንገጥ የነበረብኝ ግን ያኔ ነው። 50 ዓመት ገደማ ጭቃ ስትረግጥ የኖረች መኪና ከስር እንዲህ ካማረች ወይ በደንብ ተለፍቶባታል፣ ወይ የሚደበቅ ነገር አለ። የለፋ ሰው ደግሞ ሲሠራ ያነሳው ፎቶ አያጣም። ፎቶ ስጠይቀው «ስልኬ ጠፍቶ» አለኝ። እሱንም አመንኩ!

«ላንድ ሮቨር አይዝግም» ሲለኝ ግማሹ እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 መጀመሪያ ስትወጣ ከጦርነቱ በኋላ ብረት እንደልብ አይገኝም ነበርና ቦዲዋ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ሻንሲው ግን ብረት ነው። ላሜራ ተበይዶ እንደ ሳጥን የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ። ጭቃና ውሃ ይገባበታል፣ ከገባ ግን ቶሎ አይወጣም። ስለዚህ ዝገት የሚበላው ከውስጥ ጀምሮ ነው። ውጭ ላይ ቀዳዳ ስታዩ ውስጡ ካለቀ ቆይቷል። አሉሚኒየሙም ቢሆን ከብረት ጋር በሚገናኝበት ቦታ እርጥበት ካገኘ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይረግፋል።

እቤት ካመጣኋት በኋላ የኋላው ባሌስትራ (መኪናዋን የሚያነጥራት የተደራረበ ብረት) የሚታሰርበትን ቦታ በመዶሻ ነካ አደረግኩት። ጤነኛ ብረት ይጮኻል። የኔው «ዱፍ» አለ። ጥቁሩን ቀለም በመሮ ስፍቀው ስቱኮ (ቀዳዳ የሚደፈንበት ልስን) ወጣ። ከስቱኮው ስር ቀጭን ላሜራ፣ የዛገው ብረት ላይ እንዳለ ተለጥፎ፣ እዚህም እዚያም በነጥብ ተበይዷል። አንዱ ቀዳዳ ውስጥማ ጨርቅ ተወትፏል። ጨርቅ! መኪናውን በሚሸከም ብረት ውስጥ።

«ለጭቃ እንድትመች ከፍ አድርጌያታለሁ» ብሎ ለዚህም አስከፍሎኛል። ከፍ ያደረጋት በባሌስትራውና በአክስሉ (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን በሚያገናኘው ዘንግ) መካከል ሁለት ሁለት የብረት ብሎክ ደራርቦ ነው፣ የፊቱንም ጭምር። የተደራረበ ብሎክ ፍሬን ሲያዝ ሊንሸራተት ይችላል። ከፊት ከሆነ ደግሞ መሪው ከእጃችሁ ወጣ ማለት ነው። የፍሬኑ የጎማ ቱቦ አልተቀየረም፣ በድሮው ርዝመቱ ነው። በክሪክ አንስቼ እግሯ ሲንጠለጠል ቱቦው እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ። ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግም ዘንበል ብሎ ክሮቸራውን (የዘንጉን መታጠፊያ መገጣጠሚያ) እየበላው ነበር።

ለማየት ስትሄዱ ትንሽ መዶሻና ሹል ብረት ያዙ። የኋላውን መስቀለኛ ብረት፣ ባሌስትራ የሚታሰርባቸውን ቦታዎችና ቦዲው የሚያርፍባቸውን ክንፎች ምቱ። ማግኔትም አይጎዳም። ቦዲው ላይ ምንም አይነግራችሁም፣ ሻንሲው ላይ ግን ስቱኮ ያለበትን ያሳብቃል። ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ሳታስተያዩ ቀብድ እንዳትከፍሉ። የኔው ቁጥር ላይ ጥቁሩ ቀለም ከሌላው ቦታ ሁሉ ወፍሮ ነበር። ለምን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ፈረምኩ። ሻጩ «ቀለሙ ይበላሻል፣ አትምቱት» ካለ ቁልፉን መልሱለትና ሂዱ።

የማደሱ ነገር አሁን ከዜሮ ሆኗል። ቦዲዋን ሙሉ በሙሉ አውርጃለሁ፣ ሻንሲውን ለመጠገን ብሞክርም የምበይድበት ጤነኛ ብረት ማግኘት አቃተኝ፣ ስለዚህ ሌላ እየፈለግኩ ነው። ለሻጩ ደውዬ ስለ ጨርቁ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «አሮጌ መኪና እኮ ነው የገዛኸው» አለኝ።