ከአላባማ የመጣችው በእጅ የምትዘወር ሬዲዮ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ አንድ ዓመት ተጠቅሜባት

ይሄን ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ፣ ትናንት ማታ መብራት ሄዶ የብሎካችን ሰው ስልኩ አንድ በአንድ ሲሞት የኔ ቤት ግን ዜና እየተሰማ ጎረቤት ሁሉ "ይቺን ነገር ከየት አመጣሻት" ሲለኝ ነው በቃ ዛሬ ልገላገለው ያልኩት።

ዕቃዋ የምሳ ዕቃ የምታክል ቀይ ሬዲዮ ናት። ጎኗ ላይ የሚታጠፍ መዘወሪያ፣ አናቷ ላይ የመዳፍ ግማሽ የምታህል ሶላር፣ ፊቷ ላይ የእጅ ባትሪ፣ ከኋላ የስልክ ቻርጅ መሰኪያ አላት። ብራንዱን አልጠራም፣ ወረድ ስል ላማት ስለሆነ። እህቴ በርሚንግሃም አላባማ ነው የምትኖረው፣ አምና ለፋሲካ ስትመጣ እኔ ከሻንጣዋ ሽቶ ምናምን ስጠብቅ ይቺን አወጣችልኝ። እውነቱን ለመናገር ከፋኝ። እሷ ግን እንደ ጸበል ነው የምታያት፣ ምክንያቱን ካልነገርኳችሁ ደግሞ ዕቃዋ ራሷ አትገባችሁም።

ሚያዝያ 19 ቀን 2003 ነው፣ በነሱ ኤፕሪል 27፣ 2011። ረቡዕ። የዛን ዓመት ፋሲካ የነሱም የኛም አንድ ቀን ነበር የዋለው፣ እሁድ ሚያዝያ 16፣ ስለዚህ እህቴ የፋሲካ ዶሮዋ ገና ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ሊነጋጋ ሲል አንድ ዙር ማዕበል መጣና ዛፍ ጣለ፣ ፖል ሰበረ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቤት መብራት አጣ። እሷ የተናደደችው ወጡ ሊበላሽ ነው ብላ ነው። ሰው አለፈ ብሎ ተነፈሰ፣ ለካ ዋናው ገና ነው። ከሰዓት ፀሐይ ወጣች፣ ሞቀ፣ ወበቀ፣ ይሄ ነው ክፋቱ። ከሜክሲኮ ባህረ ሰላጤ የመጣ ሞቃትና እርጥብ አየር ከታች፣ ቀዝቃዛው ከላይ፣ በዛ ላይ ንፋሱ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ፍጥነቱም አቅጣጫውም ይቀየራል፣ በቃ ደመናው ራሱ እንደ እንዝርት መሾር ይጀምራል፣ ያ ሽክርክሪት መሬት ሲነካ ነው ቶርኔዶ የሚባለው።

ከዛ ሚሲሲፒ፣ አላባማ፣ ቴነሲ፣ ጆርጂያ፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው። ከሚያዝያ 17 እስከ 20 ባሉት ቀናት ከ350 በላይ ቶርኔዶ ነው የተቆጠረው። ጥንካሬው ከ0 እስከ 5 ነው የሚለካው፣ 5 ማለት ንፋሱ በሰዓት ከ320 ኪሎሜትር በላይ ነው፣ አንዳንዴ ዓመት ሙሉ አንድም አይታይም፣ የዛን ረቡዕ ብቻ ግን 4 መጡ። በአንድ ቀን 316 ሰው ሞተ፣ አብዛኛው አላባማ ውስጥ። ሃክልበርግ የምትባል ትንሽ ከተማ የራንግለር ጂንስ መጋዘን ነበራት፣ መጋዘኑ ፈራርሶ ሱሪዎቹን ሰው ብዙ ኪሎሜትር ርቆ ከሜዳ ሲለቅም ነበር፣ ያ አንዱ ቶርኔዶ ብቻውን 72 ሰው ገድሏል።

ወደ እህቴ ጋ የመጣው ሌላ ነው፣ ደረጃው 4። ተስካሉሳ የምትባለዋን የዩኒቨርሲቲ ከተማ ከቀኑ 11 ሰዓት አለፍ ሲል መታና ወደ በርሚንግሃም ቀጠለ። መሬት ለመሬት 130 ኪሎሜትር ሄዷል፣ ሰፋ ባለበት ቦታ ጎኑ 2.4 ኪሎሜትር ነበር፣ 64 ሰው ገደለ። ለኛ ሰፈር ሰው ላስረዳ፣ ከዚህ ከቱሉ ዲምቱ ክፍያ ጣቢያ ተነስቶ የፍጥነት መንገዱን በሙሉ ጠራርጎ አዳማን አልፎ ሄደ በሉት። የቲቪ ካሜራዎች ተስካሉሳን ሲመታ በቀጥታ ያሳዩ ነበር፣ መብራት የሌለው ሰው ግን በምን ይየው? አሁን ስልክ ላይ በራሱ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያም ገና አልነበረም፣ በዓመቱ ነው የጀመሩት። እህቴ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ሳለ ጎረቤቷ፣ ጡረታ የወጡ ሴትዮ፣ እንደዚችው የምትዘወር ሬዲዮ በብብታቸው ይዘው በሯን ደበደቡት። ምድር ቤት የሚባል ስለሌላቸው መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ገቡ፣ ሁለቱም ገንዳው ውስጥ፣ ከላያቸው ፍራሽ፣ ሴትዮዋ እየዘወሩ እሷ "በስመአብ" እያለች። ቶርኔዶው በሰሜን በኩል ነው ያለፈው፣ እነሱ ቤት አልደረሰም። ግን ከገንዳው የወጡት ሲጨልም ነው። እስካሁን አልጋዋ ስር የሳይክል ሄልሜት አለ፣ ከዛ በኋላ እዛው በርሚንግሃም ያለው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጭንቅላታችሁን ሸፍኑ ስላሉ፣ እኛ ቤት መጥታ ራሱ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "መስኮት የሌለው ክፍል የቱ ነው" ብላ ነው። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ ምን ክፍል ልስጣት።

እሺ ወደ ዕቃዋ። ሦስት ባንድ አላት፣ ኤኤም፣ ኤፍኤም፣ ሦስተኛው "ደብሊው ቢ" የሚል፣ ዌዘር ባንድ ማለት ነው። የሰሯት ሰዎች ብዙ የደከሙት ለዚህ ሦስተኛው ነው። 7 ቻናል አለው፣ ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርዝ፣ እነሱ አገር 24 ሰዓት ስለ አየር ሁኔታ ብቻ የሚያወራ የመንግስት ጣቢያ ነው። እዚህ? ሽሽሽሽሽ። ሰባቱንም ሞክሬያለሁ፣ ሰባቱም ሽሽሽ። "አለርት" የምትል ቁልፍም አለች፣ እሷን ከተጫንሽ ሬዲዮዋ ድምጿን አጥፍታ ታደባለች፣ ጣቢያው 1050 ኸርዝ ፉጨት ሲልክ ተነስታ ትጮሃለች። ውዶቹ ላይ የምትኖርበትን ወረዳ ኮድ አስገብተሽ የራስሽን ብቻ ትሰሚያለሽ፣ የኔዋ ርካሽ ስለሆነች ያ የላትም፣ እዛ ብንሆን ለሩቅ ወረዳ ማዕበል ሁሉ ከእንቅልፌ ስትቀሰቅሰኝ ታድር ነበር። ደግሞ እህቴ መስማት የማትወደው ነገር፣ የዛን ቀን የጠዋቱ ማዕበል አንዳንድ ቦታ የዚሁኑ ሬዲዮ ማሰራጫ ከስራ ውጪ አድርጎት ነበር። ከሰዓት ደግሞ እዛው አላባማ ያለው የብራውንስ ፌሪ ኒውክሌር መብራት ኃይል ጣቢያ ራሱ የውጭ መስመሩ ተቆርጦ 3ቱም ማመንጫ ቆሟል፣ እንኳን የኛ ትራንስፎርመር። ይሄን ስነግራት "የኛ ይሰራ ነበር" ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ኤፍኤሟ ግን ጎበዝ ናት። 4ኛ ፎቅ ነኝ፣ ሸገር 102.1 ጥርት፣ ፋና 98.1 ጥርት፣ 97.1ም እንደዛው። ድምጿ ብቻ ጣሳ ውስጥ ሆነው የሚያወሩ ነው የሚመስለው፣ ዘፈን አትስሙባት፣ ወሬ ስሙባት። አጭር ሞገድ የላትም፣ ታች ያሉት ጋሼ ማታ ማታ ዶቼ ቬለ ሊሰሙባት ጓጉተው ወስደዋት በማግስቱ "ልጄ ይቺ አሻንጉሊት ናት" ብለው መለሱልኝ።

መዘወሪያው፣ አንድ ደቂቃ ብዘውር ወደ 7 ደቂቃ ታወራለች፣ ድምጿን ካበዛሁ ከዛም ያንሳል። ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች የተባለው ነገር ግን... 15 ደቂቃ ዘውሬ 2 ፐርሰንት። ሙሉ ቀን ሊጥ ሳቦካ የዋልኩ ነው የመሰለኝ። ለአንድ "ደርሻለሁ" ለሚል ስልክ ይሆናል፣ ከዛ በላይ አትጠብቁ። ሶላሩ በበጋ መስኮት ላይ ካዋልኳት ለማታው ይበቃታል፣ ክረምት ላይ ጌጥ ነው። የእጅ ባትሪው አንደኛ ነው፣ ውሃ በሌሊት ሲመጣ ጀሪካን ይዤ ደረጃ የምወርደው በሱ ነው፣ ለሱ ብቻ ብገዛት አልቆጭም።

አንድ ቀን ብቻ ነው በትክክል የፈለግኳት። የካቲት ላይ ያ የኛ ሰፈር አቧራ ተነስቶ እየተሽከረከረ መጣና የታችኛውን ሱቅ ቆርቆሮ አንድ ጫፉን ገንጥሎ ሲያንገጫግጨው፣ እማማ በረንዳ ላይ ሆነው ሲያማትቡ፣ እኔ እጄ ሳላውቀው ደብሊው ቢዋ ላይ ሄደ። ሽሽሽሽ አለችኝ። ጋሼ ከታች "መስኮት ዝጉ! ልብስ አስገቡ!" እያሉ ይጮሃሉ። የኛ ብሎክ አለርት እሳቸው ናቸው፣ ቻርጅም አይፈልጉ።

ዋጋዋን እህቴ 30 ዶላር ምናምን ብላኛለች። እዚህ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ቁርጥ እሷን የምትመስል አይቼ ስጠይቅ 6 ሺ ብር አለኝ፣ ደብሊው ቢው ምንድነው ስለው ፊቱን እንኳን ሳያዞር "ዋይፋይ ነው" አለኝ። እንዳትሸወዱ፣ እዚህ የማትጠቀሙበትን ባንድ ዋጋ ነው የሚያስከፍሏችሁ፣ ያለሱ መዘወሪያና ባትሪ ያላት ብታገኙ እሷን ግዙ።

ከ5 ኮከብ 3 ተኩል። ግማሹን የቆረጥኩት ለመዘወሪያው ነው፣ የጎረቤት ልጆች ተራ ይዘው እየዘወሩ በሦስተኛ ወሯ ማጠፊያው ላይ ያለችው ክሊፕ ተሰበረች፣ ፕላስቲኩ ስስ ነው። አሁን በፀጉር ላስቲክ አስሬያት ነው ያለችው፣ እህቴ በቪዲዮ ስትደውል በዛኛው ጎኗ ነው የማሳያት። ቃሊቲ አካባቢ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠግን ሰው የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ሚያዝያ 19 መደወሏ አይቀርም።