ድምፅ መስጠት ወይስ መልእክት መሰካት?

በአራት ኪሎ ነዋሪዎች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ሰሞኑን ክርክር ተነሥቷል፦ መልእክቶች በአባላት ድምፅ ብዛት ይደርደሩ ወይስ አስተዳዳሪው የሚጠቅመውን መርጦ ከላይ ይሰካ?

ድምፅ መስጠት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች በሚጠያየቁበት ድረ ገጽ፣ በስታክ ኦቨርፍሎው፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠርቷል። እዚያ ግን ጥያቄው ለዓመታት ተቀምጦ አንባቢ ይጠብቃል፤ ጥሩ መልስ ዘግይቶ ቢመጣም ወደ ላይ የሚወጣበት ጊዜ አለው። በቀጥታ ውይይት ይህ ጊዜ የለም። አንዱ «ከፒያሳ ወደ መገናኛ ታክሲ አለ?» ይላል፤ ሌላው «ሰልፉ ረጅም ነው፤ ወደ አራት ኪሎ ወጥተው ይሞክሩ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ አሥር ድምፅ እስኪያገኝ ጠያቂው ቤቱ ገብቷል። በድምፅ ከተደረደረ ደግሞ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ይቀመጥና የጨዋታው ውል ይጠፋል። ይባስ ብሎ ቀልደኛው ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ውኃ የሚቋረጥበትን ሰዓት የነገረን ሰው አንድ አውራ ጣት ተወርውሮለት ይቀራል።

መሰካት ፈጣን ነው። ጉድለቱ አስተዳዳሪው ሲተኛ አብሮ መተኛቱ ነው፤ የወዳጁን ማስታወቂያ ሰቅሎ የሚከርምም አይጠፋም።

ስታክ ኦቨርፍሎውን ያቀፈው የጥያቄና መልስ ድረ ገጾች ስብስብ፣ የስታክ ኤክስቼንጅ፣ የውይይት ክፍሎች ሁለቱን አስታርቀዋል፦ አባላት ኮከብ የሰጡት መልእክት በጎን ዝርዝር ይወጣል፣ ወሬው ግን እንደ አመጣጡ ይቀጥላል። ለእኛ ቡድን የምመርጠው መሰካትን ነው፤ አስተዳዳሪዎቹ ግን ቢያንስ ሦስት ይሁኑ። እንግዳ ተጋብዞ ጥያቄ በሚቀርብለት ምሽት ብቻ ድምፅ ይሰጥ፤ ያን ጊዜ ጥያቄዎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉና።