ሞዴል ኤስ ፕሌድ ከወራት በኋላ፦ ፍጥነቱ እንዳለ፣ ዋጋው የት ገባ?

የቴስላ ሞዴል ኤስ ፕሌድ በጁን 2021 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለገዢዎች መድረስ ሲጀምር የአሜሪካ ዋጋው 129,990 ዶላር ነበር። በ2022 ወደ 135,990 ወጣ። ከዚያ ቁልቁል ሆነ፦ በጃንዋሪ 2023 114,990፣ በማርች 109,990፣ በሴፕቴምበር መጀመሪያ 89,990። በ2022 መገባደጃ አዲሱን የገዛ ሰው፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ጎረቤቱ ያንኑ መኪና በ46,000 ዶላር ቅናሽ ሲያስገባ አየ። ሞተሮቹ ያው ሦስት ናቸው፣ ጉልበቱም ያው 1,020 ፈረስ ነው። የከፈለው ገንዘብ ሲሶ ግን፣ ነዳውም አቆመውም፣ ሄዷል።

ይህን መኪና ያየ ሰው ዋጋውን የሚበላው ርቀት ወይም አያያዝ ይመስለዋል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ፋብሪካው በድረ ገጹ የሚለጥፈው የአዲሱ ዋጋ ነው። ሌሎች አምራቾች ገበያ ሲቀዘቅዝ የተለጠፈውን ዋጋ አይነኩም፤ ቅናሹ ዲለሩ ጋ በድርድር ያልቃል፣ ያገለገለውም ቀስ እያለ ይወርዳል። ቴስላ ዲለር የለውም። ዋጋው ሌሊት ተቀይሮ ጠዋት ላይ አገር በሙሉ ያየዋል። ባዶ ኪሎ ሜትር ያለው በ89,990 ከተገኘ ደግሞ፣ 10,000 ማይል ለሄደ መኪና 95,000 የሚከፍል ሞኝ የለም። ስለዚህ ያገለገሉት ሁሉ አብረው ይንሸራተታሉ፤ ጋራዥ ውስጥ በጨርቅ ተሸፍኖ የከረመውም ጭምር።

በብድር ለገዛ ሰው ነገሩ ይከፋል። ስሌቱ ይኸው፦ 135,990 ዶላር፣ 20 በመቶ ቅድመ ክፍያ፣ ቀሪው 108,792 በ72 ወር በ6 በመቶ ወለድ። ወርሃዊው 1,803 ዶላር ገደማ ይመጣል። አሥራ ሁለት ወር ሳያዛንፉ ከፍለው የሚቀረው ዕዳ ወደ 93,260 ነው። በሴፕቴምበር 2022 የተበደረ ሰው በሴፕቴምበር 2023 ያለበት ዕዳ ከአዲሱ መኪና ዋጋ ይበልጣል ማለት ነው። ያን ጊዜ መኪናው ተጋጭቶ ከጥገና ውጪ ቢሆን፣ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው የዕለቱን የገበያ ዋጋ እንጂ የባንኩን ዕዳ አይደለም። ልዩነቱን የሚሸፍነው ጋፕ ኢንሹራንስ ነው። በዚህ ዓይነት መኪና ላይ እሱን ለመቆጠብ መሞከር አጉል ብልጠት ነው።

ቨርጂኒያ ለሚኖር ሁለት ወጪ ይጨመራል። የመጀመሪያው 4.15 በመቶ የመኪና ሽያጭ ታክስ ነው፤ በ135,990 ላይ 5,643 ዶላር ይደርሳል፣ መኪናው ሲሸጥ አንዷም አትመለስም። ሁለተኛው በየዓመቱ የሚመጣው የመኪና ንብረት ግብር ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ በ2023 በ100 ዶላር ግምት 4.57 ይወስድ ነበር፤ 90,000 የተገመተ መኪና 4,113 ዶላር ይመጣበት ነበር፣ የስቴቱ ድጎማም የሚያየው የመጀመሪያውን 20,000 ብቻ ነው። ግምቱ የሚያዘው በጃንዋሪ 1 በነበረው ዋጋ ስለሆነ መኪናው ሲረክስ ግብሩም ይቀንሳል፤ የዋጋ መውደቅ ያመጣው ብቸኛ በረከት ይሄ ነው። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ሜሪላንድ ያለ ወገን ይህ ዓመታዊ ግብር የለበትም።

አዲስ አበባ መኪና ገዝቶ የሸጠ ሰው ይህን ሁሉ ለመቀበል ይከብደዋል። እዚያ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ዓመታት ተነድቶ ከተገዛበት ብር በላይ መሸጡ ብርቅ አይደለም፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱና በ2020 የወጣው ኤክሳይዝ ታክስ ያገለገለውን ሁሉ ሰቅሎታል። መኪና እንደ ቤት የብር መሸሸጊያ ሆኗል። ያንን ልማድ ይዞ አሜሪካ ውስጥ ፈጣን መኪና በአዲስነቱ የሚገዛ ሰው ስሌቱን ከሥሩ መለወጥ አለበት።

ከሁሉ በላይ የሚረክሰው ደግሞ ተጨማሪ ዕቃው ነው። ሙሉ ራስ ነጂ የሚባለው ሶፍትዌር በ2021 10,000 ዶላር ነበር፣ በሴፕቴምበር 2022 15,000 ደረሰ፣ በኤፕሪል 2024 ወደ 8,000 ወረደ። 15,000 የከፈለበት ሰው መኪናውን ለዲለር ሲያቀርብ ይህ ዕቃ በዋጋው ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ገማቹ የሚያየው ሞዴሉን፣ ዓመቱንና ማይሉን ነው። በወር ኪራይ ማግኘት የሚቻለውን ነገር አንዴ ገዝቶ ከመኪናው ጋር ማሰር የሚመከር አልነበረም።

መኪናው ራሱስ? እንደ መኪና የሚወቀስበት ጥቂት ነው። ከዜሮ ወደ 60 ማይል በ1.99 ሴኮንድ ይደርሳል የሚባለው የመጀመሪያዋ አንድ ጫማ ርቀት ሳትቆጠር ነው፤ ለዚያም ድራግ ስትሪፕ ሞድ ተከፍቶ ባትሪውና ሞተሮቹ እስኪዘጋጁ ደቂቃዎች መጠበቅ አለ። በዕለት መንገድ ማንም አይጠቀምበትም። ተራው ሞድ ወደ ሀይዌይ ለመግባት ከበቂ በላይ ነው፣ ወራት ካለፉም በኋላ ቅንጣት አይደክምም። የሞተር ዘይት የለ፣ ሻማ የለ። ባትሪው ለ8 ዓመት ወይም ለ150,000 ማይል ዋስትና አለው፤ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች ከወረደም በዋስትናው ይታያል፣ ዋስትናውም ለሚቀጥለው ባለቤት ይተላለፋል። የ2021 እና የ2022 መኪኖች የሚታወቁበት ቀንበር መሳይ መሪ በ2023 ክቡ መሪ መደበኛ ሲሆን አማራጭ ሆኖ ቀረ፤ ጠባብ ቦታ ላይ ማዞር ለሚወድ ሰው ክቡ ይሻላል።

ወጪው ያለው ጎማ ላይ ነው። በ21 ኢንች ቸርኬ የሚመጣው ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ ከፊት 265/35፣ ከኋላ 295/30 ነው። ስፋታቸው ስለሚለያይ የፊቱን ወደ ኋላ ማዛወር አይቻልም። የውስጥና የውጭ ገጹም አንድ ስላልሆነ ገልብጦ ማሰር የለም። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና በዚህ ጉልበት ሲገፋው የኋላው ጎማ ቶሎ ያልቃል። አስቸጋሪው ደግሞ ከውስጥ በኩል መላጨቱ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ደህና የሚመስል ጎማ በውስጥ ጠርዙ ሽቦ ሊያወጣ ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የአየር ሰስፔንሽኑ መኪናውን ዝቅ ሲያደርገው የጎማው አናት ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ካምበሩ ይጨምራል፣ ክብደቱም በውስጥ ጠርዝ ላይ ያርፋል። ቶው (ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚዞሩበት ልክ) ጥቂት ከተዛባ ደግሞ ያው ጠርዝ እየተፋቀ ይሄዳል።

መፍትሔው ከተማ ውስጥ ዝቅተኛውን ከፍታ አለመጠቀም፣ አላይመንቱን በሚነዳበት ከፍታ ማሠራት፣ የጎማውን ጥልቀት ደግሞ በውስጥ፣ በመሃልና በውጭ በሦስት ቦታ መለካት ነው። ሕጉ እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ይፈቅዳል፤ ዝናብ ላይ ግን ከ3 በታች በዚህ ጉልበት መንዳት ድፍረት ነው። ሌሎች ድርጅቶች የሚሠሩት የሚስተካከል የካምበር ክንድ ችግሩን በደንብ ያቀለዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመጀመሪያው 19 ኢንች ቸርኬ መያዝ ነው፦ ጎማው ይረክሳል፣ በ2021 በኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) መለኪያ አንድ ሙሉ ቻርጅ የሚያስኬደው ርቀትም ከ348 ወደ 396 ማይል ያድግ ነበር።

የፍሬን ሸራ በተቃራኒው ዕድሜ አለው፤ መኪናውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያቆመው ሞተሩ ነው። በክረምት ጨው በሚበተንበት አገር ግን ካሊፐሩን በዓመት ወይም በ12,500 ማይል አስጸድቶ ማስቀባት ያስፈልጋል፤ ፍሬኑ ሥራ ስለሚፈታ ይዝጋል። መወዳደሪያ ሜዳ ለሚወስደው ደግሞ መደበኛው ፍሬን ከጥቂት ዙር በላይ አይበቃም።

ሌሎቹ ፈጣን መኪኖችስ? ፖርሽ ታይካን በዚሁ ገደል ወርዷል፤ በ2024 የታደሰው ትልቁ ባትሪ ከ93.4 ወደ 105 ኪሎዋት ሰዓት ሲያድግ የቀድሞው በአንድ ጊዜ አረጀ። ባለ ቤንዚኑ ቢኤምደብሊው ኤም5ም ከጥንት ጀምሮ ለሁለተኛ ገዢ የሚያደላ መኪና ነው። የማይወድቁት በቁጥር ተገድበው የሚመረቱት ናቸው፤ ፖርሽ 911 ጂቲ3 ዲለር ጋ እንኳ ከተለጠፈው በላይ ይጠየቅበታል። ልዩነቱ የጥራት አይደለም። ለጂቲ3 ወረፋ አለ፣ ለፕሌድ የለም።

በእኔ ግምት ፕሌድን አዲስ መግዛት የሚያዋጣው በሊዝ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ የዋጋው መውደቅ የአከራዩ ራስ ምታት ይሆናል። ያገለገለ ለሚገዛ ግን ይህ መኪና ሲሳይ ነው፦ የመጀመሪያው ሰው ገደሉን ወርዶለታል፣ የባትሪው ዋስትናም ገና አለ። ከመክፈል በፊት የኋላ ጎማዎችን ውስጣዊ ጠርዝ በእጅ መዳሰስ፣ የባትሪ ጤና ምርመራውን ማስኬድ (ባትሪውን አራግፎ መልሶ ስለሚሞላ ሰዓታት ይፈጃል፣ አዳር መተው ይሻላል)፣ ሰስፔንሽኑን ከላይ እስከ ታች አንስቶ ማውረድ፣ የዋስትናውን ቀሪ ጊዜም ከሻጩ አፕሊኬሽን ላይ ማየት ያስፈልጋል።

የሚሸጥ ሰው ደግሞ ዋጋ በአንድ ቀን ከብዙ ቦታ ይሰብስብ፤ ያገለገሉ መኪኖችን የሚገዛው ካርማክስ የሚሰጠው የመግዣ ዋጋ ወረቀት ለ7 ቀን ይጸናል፣ ለድርድር መነሻ ይሆናል። ቨርጂኒያ የቀድሞውን መኪና ለዲለር በመለወጥ ከአዲሱ ታክስ ላይ የሚቀነስ ነገር የለም፤ ስለዚህ በቀጥታ ለሰው መሸጥ በታክስ በኩል የሚያሳጣው ምንም የለም። ዕዳ ካለ ባንኩን የ10 ቀን የመዝጊያ ሂሳብ (ዕዳውን በዚያ ጊዜ ውስጥ ጠቅልሎ ለመዝጋት የሚከፈለውን ድምር) አስቀድሞ መጠየቅ፣ ርክክቡንም ከተቻለ እዚያው ባንክ ማድረግ ይሻላል። ከዚያ መኪናውን ከራስ የቴስላ አፕሊኬሽን አካውንት አውጥቶ ለገዢው ማስተላለፍ ነው። ካልሆነ ሻጩ ሳሎኑ ተቀምጦ የሰው መኪና በር መክፈት ይችላል።