ሶማሌ ተራ ያለችው የቶዮታ ዕቃ ሱቅ፦ ዋጋው ያማል፣ ሰውየው ግን አይዋሽም

ቪትዝ ወይም ኮሮላ የምትነዱ፣ ፍሬን ሸራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራን ከመዞራችሁ በፊት አንድ ሱቅ ልጠቁማችሁ። ስም የላትም። በሩ ላይ ቀለሙ የለቀቀ «የቶዮታ ዕቃ» የሚል ጽሑፍ ብቻ አለ። ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ነው ያለችው።

የወደድኩት ሰውየው ስለማይሸውድ ነው። ሸራ ስጠይቃቸው ሦስት ካርቶን አወረዱ። «ይሄ ኦሪጅናሉ ነው፣ በዱባይ በኩል የገባ። ይሄ የቻይና ነው፣ ደህና ነው። ይሄኛውን ግን የካርቶኑን ጽሑፍ አይተህ እንዳትገዛ።» አሮጌውን ይዤ ስለነበር ብረቱን ከብረት ጋር ገጥመው አሳዩኝ፤ ሦስተኛው ጠርዙ ላይ ለጥቂት አይገጥምም። ሌላ ቦታ ቢሆን እሱን ጠቅልለው ይሰጡኝ ነበር።

ዋጋው ላይ ግን ተከራከርን። «ጋሼ፣ ዶላር 57 ብር እያለ እኮ...» ስላቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ እዚህ መደርደሪያ ላይ በ57 ብር ዶላር የገባ ዕቃ ኖሮ አያውቅም!»

እውነታቸውን ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት የባንኩ ዶላር 57 ብር ከምናምን ነበር፤ ግን ማን አገኘው? ቅድሚያው ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያና ለመድኃኒት ነበር፣ የመለዋወጫ ነጋዴ ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ለማስከፈት ተሰልፎ ወራት ይቆጥር ነበር፣ ሱቁን መዝጋት ያልፈለገ ደግሞ ዶላሩን ከጥቁር ገበያ ከ100 ብር በላይ ገዝቶ ያስመጣ ነበር። ስለዚህ ሐምሌ 22 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ሁላችንም ጮኽን እንጂ የሸራ ዋጋ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ታዲያ ከዚያ ወዲህ ለምን ጨመረ? ቀረጡ! ጉምሩክ የሚያሰላው በባንክ ምንዛሪ ነው። ዕቃው ጅቡቲ የደረሰበት ዶላር ያው ሆኖ ቀረጡ በብር ሲሰላ ተመነደገ። ይሄን ማንም አስረድቶኝ አያውቅም ነበር።

መደርደሪያው ግን ሞልቷል፣ ይሄን መካድ አይቻልም። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት አይኤምኤፍ ምንዛሪው በተለቀቀበት ቀን በአራት ዓመት የሚለቀቅ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጽድቋል፣ የዓለም ባንክም ጨምሮበታል፤ ከዚያ ወዲህ ባንክ ቤት ዶላር ይገኛል ይላሉ። ባለሱቁ ግን «ዱሮ ዶላሩ ነው የጠፋው፣ አሁን ብሩ» አሉኝ። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ለሚያበድሩት ብር ጣሪያ አበጅቶ፣ ለአንድ ኮንቴይነር የሚያስፈልገው ብር ደግሞ አብጦ፣ ትንሹ አስመጪ ለትልቁ ቦታ እየለቀቀ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የእነ አይኤምኤፍ ብድር የሚከፈለው በዶላር ነው፣ ወደ ውጭ ከምንልከው ሸቀጥ ዶላር የሚያመጣልን ደግሞ በዋናነት ቡናና ወርቅ ነው፤ እኛ ሸራ እያስመጣን አስፋልት ላይ ስንፈጨው አንድ ሳንቲም ዶላር አይመለስም። ፋብሪካ ማሽን ያስመጣበት ብድር ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር።

ወደ ሱቋ ልመለስ። ደረሰኝ ሳይጠየቁ ይቆርጣሉ። ያልገጠመ ዕቃ ቅባት ካልነካው ይቀይራሉ። ጠባብ ናት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ይቆማል። የሾክ አብዞርበር ምርጫቸው ደካማ ነው፣ እሱን ሌላ ቦታ ፈልጉ። መኪና ማቆሚያ የለም፤ ራቅ አድርጋችሁ አቁማችሁ በእግር ግቡ፣ አሮጌውን ዕቃ ደግሞ መያዝ አትርሱ።