ጫፍ ላይ ሳንደርስ ለመለሰን መንገድ መሪ

ይሄን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ያኔ ግን እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ላይ ተናድጄ ነው የተመለስኩት። አሁን በርዶልኛል።

አምስት ጓደኛሞች ሆነን ለሦስት ቀን የእግር ጉዞ ወጣን። መጀመሪያ ጫካ፣ ከዚያ ወንዝ ዳር፣ በመጨረሻ ተራራ። መንገድ መሪ እንያዝ ሲባል ክርር ብዬ የተቃወምኩት እኔ ነኝ። ካርታው ስልኬ ላይ አለ፣ ምን ያደርግልናል ብዬ። (አሁን ሳስበው እፍር ይለኛል።)

ገና ሳንነሳ ጫማ አስወለቀን። የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ አለን! ቁልቁለት ላይ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር ሲጋጭ ይውላል፣ ጥፍሩ ረጅም ከሆነ ያኔ ነው ጉዱ። አንዷ ጓደኛችን አዲስ ጫማ አድርጋ ነበርና የለመድሽውን አድርጊ አላት። እምቢ አለች። በማግስቱ ተረከዟ ውሃ ቋጠረ። እሱ "ብዬሽ ነበር" እንኳ ሳይል ፕላስተሩን አወጣ፣ ቀጥሎ ለሁላችንም፣ ቆዳችሁ ማቃጠል ሲጀምር ወዲያው ንገሩኝ፣ መለጠፍ ያኔ ነው አለን።

ጫካው ውስጥ ጠመዝማዛው ሰልችቶኝ በአቋራጭ ልወርድ ስል ጠራኝ። "ዛሬ አንተ ከቆረጥክ ነገ ሌላው ይከተልሃል። ከዚያ ዝናብ ሲመጣ ውሃውም እንዳንተ አቋራጩን ይወዳል፣ አፈሩን ይዞት ይሄዳል።" ተመለስኩ፣ ምን እላለሁ።

ዋናው ነገር ወንዙ ላይ ነው። ሌሊቱን ከላይ ዘንቦ ኖሯል። ስንደርስ ውሃው ደፍርሷል፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይወርዳል፣ ግን ከጉልበት የሚያልፍ አይመስልም። እንሻገር አልኩ። እሱ ዝም ብሎ አንድ እንጨት ውሃው ጠርዝ ላይ ተከለና ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ እንጨቱ ውሃ ውስጥ ገባ። ፈጣን ውሃ ጉልበት ላይ ከደረሰ ሰው ይጥላል፣ እንጠብቃለን አለ፣ በቃ። አራት ሰዓት ሙሉ ጠበቅን! ጎደል ሲል ደግሞ እኔ ያየሁትን ጠባቡን ቦታ ትቶ ሰፊውን መረጠ፤ ውሃው ሲሰፋ ጥልቀቱም ፍጥነቱም ይቀንሳል። የቦርሳችንን የወገብ ማሰሪያ አስፈታን፣ ብንወድቅ ቶሎ እንድንጥለው።

በሦስተኛው ቀን ተራራው። እኔ 10 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሁለት ሰዓት ይበቃል ባይ ነኝ። እሱ ዳገቱንስ? አለኝ። ለካ ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892 ያወጣት ቀላል ስሌት አለች፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ሽቅብ ለሚወጣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። ዕረፍት አይጨምርም። የኛ ዳገት 1200 ሜትር ነበር፣ ስለዚህ አራት ሰዓት፣ ያውም ለመውጣት ብቻ። በወንዙ ምክንያት ከታሰበው ዝቅ ብለን ስላደርን ጠዋቱን ያንን ስናካክስ ዋልን። ስድስት ሰዓት ላይ የትም ብንሆን እንመለሳለን ብሎ ከመነሻው ቃል አስገብቶናል፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጫፉ ፊት ለፊታችን ቁጭ ብሏል፣ ልነካው የምችል ነው የሚመስለው፣ እሱ ግን ቦርሳውን አዞረ። ተጨቃጨቅኩ። አልሰማኝም። የተናደድኩት ያኔ ነው።

ግማሽ መንገድ ወርደን ዞር ስል ተራራው የለም። ጉም ውጦታል። ከዚያ ዝናብና ብርድ ተከተለ። በላብ በራሰ የጥጥ ሹራብ እዚያ ላይ ብንሆን ኖሮ... ተዉት።

ስሙ እንዲጻፍ ስላልፈለገ አልጻፍኩትም። በእግር መሄድ ያሰበ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ዝምተኛ ነው፣ ቀልድም ብዙ አይሆንለትም፣ ፎቶ ሲያነሳ ደግሞ ሁሌ ጭንቅላት ይቆርጣል። ከሱ ጋር ከሆናችሁ ብቻ ጥፍራችሁን ቆርጣችሁ ሂዱ፣ ያያል።