ለመስኖ ሞተር «ነዳጅ ቆጣቢ» ተብላ የምትሸጠውን ሳጥን አትግዙ

በሜጫ፣ በዳንግላ፣ በቡሬና በአካባቢው በቤንዚን ሞተር ውሃ እየሳባችሁ ለምታለሙ ሁሉ ይህን የምጽፈው በጥድፊያ ነው። የበጋው መስኖ ገና አላለቀም፤ ሻጮቹም ከገበያ ገበያ እየዞሩ ነው። እኔ 4,500 ብር ከፍዬና ሦስት ሳምንት ሽንኩርቴን ውሃ አስጠምቼ ያወቅሁትን እናንተ ሳትከፍሉ እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ዕቃዋ መዳፍ የምታክል ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ናት። አንዱ ሽቦዋ በካንዴላው ገመድ ላይ ይጠመጠማል፤ ሌላው ከሞተሩ አካል ጋር ይታሰራል። ፊቷ ላይ ሁለት መብራቶችና ቁጥር የሚታይበት መስኮት አላት። ሻጩ የሞተሩን ፍጥነትና ነዳጅ በኮምፒውተር ትቆጣጠራለች፣ ቤንዚኑን በሲሶ ትቀንሳለች አለኝ። ገበያው መካከል ያቆመውን ሞተር አስነሥቶ «ጋሼ፣ ድምፁን ራስዎ ይስሙት» ሲለኝ እውነትም ድምፁ ረገብ አለ። ያን ጊዜ ልብ ያላልሁት ሞተሩ አንዲት ጠብታ ውሃ የማይስብ መሆኑን ነው። ሸክም የሌለበት ሞተር ምን ቢያስሩበት ትንሽ ቤንዚን ነው የሚጠጣው።

ሁለት ልጆች ከግልገል ዓባይ ዳር ካለው ማሳዬ ድረስ መጥተው ገጠሙልኝ። ሽቦዎቹን ካሰሩ በኋላ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ክፍል፣ በካርቡሬተሩ አጠገብ ጎንበስ ብለው «እናስማማው» እያሉ አንድ ብሎን ሲያላሉ አይቻለሁ። ነገሩ ሁሉ እዚያች ብሎን ላይ ነበር።

ትንንሽ ሞተሮች ፍጥነታቸውን የሚጠብቁት ገቨርነር በሚባል ክፍል ነው። ውስጥ የሚሽከረከሩ ትንንሽ ክብደቶች አሉ፤ ሞተሩ ሲፈጥን ወደ ውጭ እየተገፉ የካርቡሬተሩን በር ይዘጋሉ። ከውጭ ያለው ሞላ ደግሞ በሩን ለመክፈት ይጎትታል። የሁለቱ ትግል ሚዛን ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይጸናል። ዘዴው የቆየ ነው፤ ጀምስ ዋት በ1788 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በእንፋሎት ሞተሩ ላይ የገጠመው ይህንኑ ነበር። ልጆቹ ያላሏት ብሎን ይህን ሞላ የምትወጥረው ናት፤ ሞላው ሲላላ ሞተሩ በዝግታ ይዞራል። ልጆቹ የሠሩት ይህን ብቻ ነው፤ ሳጥኗ ግን የተመሰገነችበት ሆነ።

በመጀመሪያው ሳምንት ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ሊትር ቤንዚን ቀድሞ 45 ደቂቃ ያሠራኝ ነበር፤ አሁን 65 ደቂቃ ደረሰ። ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ፤ ሁለት ሰዎችም በእኔ ቃል ገዙ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ከዚያ በኋላ ነው የመጨረሻዎቹ መደቦች መድረቅ የጀመሩት። 200 ሊትር በርሜል ከቧንቧው አፍ ደቅኜ በሰዓት ለካሁ። በፊት 25 ሰከንድ ይፈጅበት የነበረው በርሜል 50 ሰከንድ ፈጀ። እስቲ አስሉት፦ በፊት በአንድ ሊትር ቤንዚን 108 በርሜል እሞላ ነበር፤ ከሳጥኗ ወዲህ 78። ቤንዚኑ በሰዓት ቀነሰ፤ ውሃው ግን ከቤንዚኑ ይበልጥ ቀነሰ።

ምክንያቱን ባሕር ዳር ያለ መካኒክ ወዳጄ የመዞር ፍጥነቱን ለክቶ አስረዳኝ። ሞላው ወደ ቦታው ሲመለስ ሞተሩ በደቂቃ 3,500 ጊዜ ይዞራል፤ ሲላላ 2,800። የወረደው ከአምስት እጅ አንዱ ነው። ፓምፕ ውሃን ወደ ላይ የሚያነሣበት ኃይል ግን ከፍጥነቱ በባሰ ይወርዳል፤ ፍጥነቱ በ20 በመቶ ሲቀንስ የማንሣት ኃይሉ በ36 በመቶ ይቀንሳል። ማሳዬ ከወንዙ ብዙ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ድካሙን ሁሉ ውሃውን ዳገት ለማስወጣት ጨርሶ ለማሳው የሚተርፈው ትንሽ ሆነ። ነዳጅ ቆጣቢ የሚሏችሁን ሁሉ በሰዓት ሳይሆን በበርሜል ለኩት።

ሳጥኗን ከፈትናት። ያገኘነው ሁለቱን መብራቶች፣ ቁጥር ማሳያውንና ጥቂት ርካሽ የኤሌክትሮኒክስ ቁራጮችን ነው። ቁጥሩ ሞተሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም በራሱ ይወጣል ይወርዳል። የካርቡሬተሩን በር የሚነካ፣ ቤንዚን የሚመጥን ምንም ነገር የላትም።

ዕውቀቱን ግን አላጣጥልም፤ የትንሽ ሞተርን ፍጥነትና ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠር ይቻላል። ከካንዴላው ብልጭታ ፍጥነቱን የሚቆጥር፣ ያንን የሚያሰላ፣ ከዚያም የካርቡሬተሩን በር የምታንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር የሚያዝ መሣሪያ በርካሽ ዕቃ ሊሠራ ይችላል፤ የእኛም የቴክኒክ ተማሪዎች ቢሠሩት ደስ ይለኛል። ነዳጁን ራሱን ለመቆጣጠር ደግሞ ቤንዚን በግፊት የሚረጭ አፍንጫ፣ ግፊቱን የሚሰጥ ፓምፕ፣ የሞተሩን ሙቀትና በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለኩ ክፍሎች ያስፈልጋሉ። ሁሉም ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ፤ የእኛ ሞተሮች ደግሞ አብዛኞቹ ባትሪ የላቸውም። ሻጩን «ይህች ዕቃ ምን ታያለች? በምን እጇ ምን ታንቀሳቅሳለች?» ብላችሁ ጠይቁት። በሩን የሚነካ ክንድ ካላሳያችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በቤንዚን ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔትም ቢያሳዩአችሁ መልሳችሁ ይኸው ይሁን። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ የመኪናን ፍጆታ በጉልህ የሚቀንስ አላገኘም።

ጄኔሬተር ያላችሁ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ለ50 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ እንዲመላለስ) የተሠራው የተለመደው ዓይነት በደቂቃ 3,000 ጊዜ መዞር አለበት። ወደ 2,400 ካወረዱባችሁ 40 ኸርዝ ነው የሚሰጣችሁ፤ ፍሪጅና ሞተር ያለበት ዕቃ ሁሉ ይጎዳል። ገቨርነሩን ጨርሰው የሚፈቱም አሉ። ገቨርነር የሌለው ሞተር ሸክሙ ድንገት ሲቀልለት ልጓም እንደሌለው በቅሎ ይሮጣል፤ የፒስተኑ ዘንግ ተሰብሮ የሞተሩን አካል ሊበሳ ይችላል።

ቤንዚን በዛብኝ የሚል ሰው እውነተኛ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ በእኛ አገር አንዱ ከፍታው ነው። የብዙዎቹ ሞተሮች ካርቡሬተር ለቆላ አየር የተመጠነ ነው። እኛ ግን ባሕር ዳር እንኳ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱም ጥቁር ይሆናል። የሆንዳ ሞተሮች መመሪያ ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር ካርቡሬተሩ እንዲስተካከል ያዛል። ሥራው ቤንዚን የምታሳልፈውን የነሐስ ቀዳዳ በጠበበች መለወጥ ሲሆን፣ የሚያውቅ መካኒክ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። ያ ሞተር ወደ ዓባይ በረሃ ከወረደ ግን የቀድሞዋን ቀዳዳ መልሱለት፤ አለዚያ ቤንዚን አንሶት ይግላል። የአየር ማጣሪያውንም አጽዱ፣ አየር የሚያስገባ የመሳቢያ ቱቦም ካለ ለውጡ።

እኔ ደረሰኝ አልተቀበልሁም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ ግዴታ ይጥልበታል፤ ያንን ሳልጠይቅ በመቅረቴ ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሳመለክት በእጄ የነበረችው ሳጥኗ ብቻ ነበረች። የሻጩ ስልክ አይነሣም። ሞላውን ወደ ቦታው መልሰን በርሜሉ እንደገና በ25 ሰከንድ እየሞላ ነው። በእኔ ቃል የገዙትን ሁለት ጎረቤቶቼንም ሞተር እሑድ ዕለት ከመካኒኩ ጋር ሄደን አስተካክለናል። ሳጥኗን እንደተከፈተች አስቀምጫታለሁ፤ ሊገዛ ያሰበ ሰው መጥቶ ውስጧን ይይ።