አና ወይስ ልዮሌንካ? ከየትኛዋ እንጀምር?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሩሲያ ሴት ልጅ ለፍቅር ምን እንደምትከፍል ማየት የፈለገ ሁለት ልብ ወለዶችን ጎን ለጎን ያንብብ። የቶልስቶይዋ አና ካሬኒና ለፍቅር ስትል ባሏንና የምትሳሳለትን ልጇን ሰርዮዣን ትታ ትወጣለች፤ ፍቅረኛዋ ቭሮንስኪ ግን እንደ ድሮው በየሰው ቤት ሲገባና ሲወጣ፣ በሩ የሚዘጋው በእሷ ላይ ብቻ ነው። በጣም ያበሳጫል! መጨረሻዋም ባቡር ሐዲድ ላይ ነው።

ሩሲያዊቷ ደራሲ ናዴዥዳ ክቮሽቺንስካያ ሁለተኛውን ልብ ወለድ፣ «የአዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪዋ»ን እ.ኤ.አ. በ1861 ያወጣችው በወንድ የብዕር ስም ነው። ዋና ገጸ ባህሪዋ ልዮሌንካ ቤተሰቦቿ የመረጡላትን ባል እምቢ ብላ፣ ፒተርስበርግ ገብታ ሥዕል እየቀዳችና እየተረጎመች ራሷን ትችላለች። ፍቅርንም አልፈልግም ትላለች። ጨከን ብትልም አልፈርድባትም።

በአጻጻፍ ቶልስቶይ ይበልጣል፣ ክርክር የለውም። እኔ ግን ከልዮሌንካ ጀምሩ እላለሁ።